ከሜትራቸው በፊት ስለ ድመቴ ለጠየቁኝ የሴራሚክ ባለሙያ

የመታጠቢያ ቤታችንን ሴራሚክ ለቀየሩልን ጋሼ በሰው ፊት ማመስገን ፈልጌ ነው። ሥራቸው ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን በድመቴ በደመና ምክንያት ነው።

ደመና ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ወንድ ድመት ነው። ከዚህ በፊት ሌላ ሠራተኛ ኩሽናውን ሲያድስልን ማንም ስለ ድመቱ አላሰበም። ደንግጦ ቁም ሳጥን ጀርባ ገባና ተቀረቀረ። ያወጣነው ሌሊት ነው። በማግስቱ እህል አልቀመሰም። ከዚያ ወዲህ እድሳት ሲባል ልቤ ይርዳል።

ጋሼ ሊለኩ የመጡ ቀን ደመና ሶፋ ላይ ተኝቷል። ሜትራቸውን ሳይዘረጉ፣ «ልጄ፣ እኛ ስንቀጠቅጥ ይሄ የት ነው የሚውለው?» አሉኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ባለሙያ አልነበረም።

ከመታጠቢያ ቤቱ በጣም የሚርቀውን መኝታ ክፍል ለእሱ ለቀቅንለት። የመጸዳጃ አሸዋው፣ ውኃው፣ የሚደበቅበት ካርቶን፣ ያልታጠበ ብርድ ልብሱ ገባ። ብርድ ልብሱን እንዳላጥብ የነገረችኝ የእንስሳት ሐኪማችን ናት፤ ድመት የራሱ ጠረን ሲሸተው ይረጋጋል። ክፍሉን ያለማመድነው ሥራው ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው ነው። በጩኸቱ ቀን ብናስገባው ኖሮ ክፍሉን ራሱን ይፈራው ነበር።

ከባዱ ድምፁ ነው። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ይሰማል፤ የድመት ጆሮ ከ60 ሺህ ያልፋል። እኛን የሚያሳምመን ግራይንደር እሱን ምን እንደሚያደርገው አስቡት። ጋሼ አዲሱን ሴራሚክ ውጭ እያወጡ ቆረጡ። የድሮውን መስበር ግን የግድ ቤት ውስጥ ነው። ለእሱ ሰዓት ወሰኑልኝ፤ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሁልጊዜ ከመጀመራቸው በፊት ነግረውኝ። እኔም የሚወደውን ምግብ ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። በሦስተኛው ቀን ድሪሉ ሲነሳ ጆሮውን ብቻ አዙሮ መብላቱን ቀጠለ። እንባዬ መጣ።

በጣም የማመሰግናቸው ግን በዚህ ነው። የገንዳውን ሥር ከመድፈናቸው በፊት «ደመና የት ነው?» አሉ። ሄጄ በዓይኔ አይቼው እስክመለስ ሲሚንቶ አልነኩም። ድመት ክፍተት ካየ ይገባል፤ ሲፈራ ደግሞ ድምፁን ያጠፋል። ረዳታቸውም ማታ ማታ ስባሪውን ለቅሞ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውል ነበር። ድመት መዳፉን ስለሚልስ የረገጠው ብናኝ ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚሄደው።

ወንድ ድመት ያላችሁ፣ አንድ አደራ። በእድሳት ሰሞን አሸዋውን በየቀኑ እዩ። ጭንቀት ሽንታቸውን ሊዘጋው ይችላል። ደጋግሞ አሸዋው ላይ እየተቀመጠ ምንም ካልወጣው ነገ ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ ሊሞት ይችላል። ሙሉ ቀን ካልበላም ለሐኪም ደውሉ።

ሥራው ሲያልቅ በሩን ከፍተን ተውነው እንጂ አልጎተትነውም። ሁለት ቀን አሽትቶ አሽትቶ፣ በመጨረሻ አዲሱ የመታጠቢያ ቤት በር ላይ ጉንጩን አሻሸ። የእኔ ነው ማለቱ ነው።

ሴራሚክ የምታስቀይሩ፣ በተለይ ቤታችሁ ድመት ካለ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጋሼ ስለፈቀዱልኝ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።