ሥዕል ከሠዓሊው ቤት ወይስ ከባህል ዕቃ መሸጫ?

ባሕር ዳር ውስጥ አዲስ ቤት የገቡ ወዳጆቼ ግድግዳው ባዶ ሲሆንባቸው የሚያነሡት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ሥዕሉን ከሠዓሊው ቤት ሄደን እንግዛ ወይስ ወደ ጣና ገዳማት የሚሄዱ እንግዶች ከሚያዘወትሯቸው የባህል ዕቃ መሸጫዎች? እኔ ሁልጊዜም ከሠዓሊው ቤት እላለሁ። ምክንያቴም ጥበብን ከመውደድ ይልቅ ከገንዘብና ከጥገና ጋር የተያያዘ ነው።

የመሸጫው ሥዕል ርካሽ የሚመስለው ፍሬሙ ሳይታሰብ ነው። እንበልና በሸራ ላይ የታተመ ቅጂ 2,000 ብር፣ ፍሬምና መስታወቱ 1,500 ብር ቢያወጣ፣ ቀለሙ በፀሐይ ደብዝዞ ከነፍሬሙና ከነመስታወቱ አንድ ጊዜ ቢተካ ወጪው 7,000 ብር ይደርሳል። ገበያው በየወሩ ስለሚለዋወጥ አሃዞቹን ለስሌት ብቻ ውሰዷቸው። በዚያው ገንዘብ ሠዓሊው አነስተኛ ሥራውን ሊሸጥላችሁ ፈቃደኛ ሊሆን ይችላል፤ በሸራ ላይ የተሠራ የዘይት ወይም የአክሪሊክ ሥዕል ደግሞ መስታወት አይፈልግም። ክፍያውን በሁለት ጊዜ ለማድረግ መጠየቅም ነውር የለውም። በመሸጫው ግን የመጀመሪያው ዋጋ ለውጭ እንግዳ የተጠራ በመሆኑ፣ እስከ ግማሽ ብታስወርዱትም ትክክለኛ ዋጋው ላይ ስለመድረሳችሁ ማረጋገጫ የላችሁም።

ከዋጋውም በላይ የምመክረው ነገር ቢኖር ሠዓሊው ራሱ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎ አብሮት የሚኖረውን ሥራ እንድትጠይቁ ነው። ያ ሥዕል የቡና ጭስና የዕጣን ጢስ፣ የልጆች እጅ፣ ከሁሉም በላይ የጣና ዳር ክረምት እርጥበት ደርሶበታል። ሸራው ረግቦ፣ ቀለሙ ተሰንጥቆ ወይም ጀርባው ሻግቶ እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ባለፈው ክረምት የት ተሰቅሎ እንደነበረ ጠይቁ፤ ከግድግዳው አውርዳችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። ደግ ሠዓሊ በዚህ አይቀየምም።

የብራና ቅጂዎችን በተመለከተ ብዙ ኀዘን አይቻለሁ። አንዲት ዘመዴ ከአንድ መሸጫ የገዛችው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ችፑድ ላይ በሙጫ ተለጥፎ ነበር። ብራና ቆዳ ነውና በእርጥበት ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሙጫው ሲይዘው መሐሉ አብጦ ቀለሙ ረገፈ። ባለቤቷ ሊያቃናው ካውያ ቢያስነካው ጊዜ ቆዳው ተሸበሸበ፤ ሙቀት ያኮማተረው ብራና ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ፍሬም ቤቱም የሚያደርገው ነገር አልነበረም። ብራና የግድ ከፈለጋችሁ ጠርዙ በክር ተወጥሮ፣ ከመስታወቱ በጥቂቱ ርቆ እንዲቀመጥ ከሠዓሊው ጋር ተነጋገሩ።

ቅጂን ለመለየት ሥዕሉን ወደ መስኮት አስጠግታችሁ ከጎን ተመልከቱት፤ የቡሩሽ ጭረት ከፍና ዝቅ ብሎ ካልታየ፣ በስልክ ካሜራ ስታቀርቡትም ጥቃቅን ነጠብጣብ ከወጣ ህትመት ነው። የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ቅጂ ከሆነ ዓይኖችን ተመልከቱ። በነባሩ ሥርዓት ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ ክፉዎች በአብዛኛው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ የዘጌውን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳዎች ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ሰይጣኑን በሁለት ዓይን የሣለ ገልባጭ የሚገለብጠውን አያውቀውም። በሻይ ነክሮ ወይም በጭስ አጥኖ «ጥንታዊ ነው» የሚላችሁን ሻጭ ደግሞ ሽሹ፤ ውሸት ከሆነ ገንዘባችሁ ባከነ፣ እውነት ከሆነ ደግሞ ቅርስ ነውና በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። ውጭ ላሉ ዘመዶች ለመላክ ያሰባችሁ በተለይ ተጠንቀቁ።

መሸጫው የሚያሸንፍበት ቦታ አንድ ነው፤ ነገ ለሚሄድ እንግዳ ትንሽ ስጦታ ሲያስፈልግ። ለቤታችሁ ግን ሠዓሊው ከጀርባው ስሙን፣ ዓመተ ምሕረቱንና የተጠቀመበትን የቀለም ዓይነት እንዲጽፍ አድርጉ፤ ቀለሙ ቢነሣ ራሱ ወይም ሌላ ባለሙያ በምን እንደሚጠግነው የሚያውቀው ከዚያ ነው። ስትሰቅሉትም ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚዋሰነውንና ዝናብ የሚመታውን ግድግዳ ትታችሁ፣ ከፍሬሙ ጀርባ በታችኛው ሁለት ማዕዘን ትናንሽ እንጨት አድርጉና አየር ይግባው።