በምጣድ ላይ የሚለጠፍ የኃይል ቁጠባ ምልክት፦ ደረጃ ወይስ ቁጥር?

ደብረ ብርሃን ገበያ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለሚመርጥ ሸማች የኃይል ቁጠባ ምልክት በሁለት መንገድ ሊዘጋጅ ይችላል። እንደ አውሮፓ ኅብረት በፊደልና በቀለም ደረጃ የሚሰጠው ምልክት ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ በአንድ እይታ ይገባል፤ ሆኖም ዕቃዎች እየተሻሻሉ ሲሄዱ ላይኛው ደረጃ ላይ ስለሚከማቹ፣ ኅብረቱ ራሱ ከኤ በላይ እስከ ሦስት የመደመር ምልክት ከደረደረ በኋላ በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ ቀድሞው ከኤ እስከ ጂ መመለስ ግድ ሆኖበታል። የአሜሪካው ዓይነት ደግሞ የዓመቱን ፍጆታ በኪሎዋት ሰዓትና በገንዘብ ይገልጻል፤ ልዩነቱን አጥርቶ ያሳያል፣ ግን ታሪፍ በተለወጠ ቁጥር ዋጋው ያረጃል። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ለሚስብ ምጣድ የምመርጠው ደረጃውን ነው፤ ቤተሰብ የሚያሰላው በጋገራ እንጂ በዓመት ስላልሆነ፣ ከሥሩ የአንድ ጋገራ ፍጆታ በጉልህ ቢጻፍ፣ ምልክቱም ሊጥና ሙቀት ከማይደርስበት ጎን ቢለጠፍ ይበጃል።