ሙስካት ደ ሳን ዣን ደ ሚኔርቯ፦ ከነጭ ድንጋይ የሚወጣ ጣፋጭ ወይን ጠጅ

በደቡብ ፈረንሳይ፣ ላንግዶክ ውስጥ ያለችው የሳን ዣን ደ ሚኔርቯ መንደር የወይን ማሳ ከሩቅ ሲያዩት በረዶ የጣለበት ይመስላል። መሬቱ የተከሰከሰ ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው። ከፍታው ከ200 ሜትር በላይ ስለሆነ ሙስካት የሚባለው መዓዛማ የወይን ፍሬ እዚህ ከባሕር ዳርቻው ዘግይቶ ይበስላል፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜም መዓዛውንና ለስላሳ ኮምጣጣነቱን ይጠብቅለታል። ወይን ጠጁን ከሌሎቹ የደቡብ ሙስካቶች የምናስበልጠውም በዚሁ ነው፤ ይጣፍጣል እንጂ አያሰለችም።

ጣፋጭነቱ ከራሱ ከፍሬው ነው፤ እንደ ጠጅ ማር አይገባበትም። ጭማቂው በእርሾ እየፈላ ሳለ፣ ስኳሩ ሳያልቅ፣ 96 ከመቶ የሆነ ንጹሕ አልኮል ከ5 እስከ 10 ከመቶ መጠን ይጨመርበታል። እርሾው ሥራውን ያቆማል፤ በሊትር ከ100 ግራም በላይ ስኳር ይቀራል፣ የአልኮል መጠኑም 15 ከመቶ ገደማ ይሆናል።

ሲገዙ የቅርብ ዓመቱን ይምረጡ። ቀለሙ ፈዛዛ ወርቃማ መሆን አለበት። ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ወደ ቡናማ ያደላል፤ የብርቱካን አበባና የሎሚ ሽታውም ይጠፋል። እንዲህ ያለውን አይግዙ።

ከ8 እስከ 10 ዲግሪ አቀዝቅዘው በትንሽ ብርጭቆ ያቅርቡት። ከሞቀ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፤ ከመጠን በላይ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሽታው ይታፈናል። ሮክፎር ከሚባለው ሰማያዊ ሻጋታ ያለው የፈረንሳይ አይብ ጋር ግሩም ነው፤ የአይቡ ጨውና የወይኑ ስኳር ይመጣጠናሉ። ከጥቁር ቸኮሌት ጋር ግን አይስማማም፣ ምሬቱ ይውጠዋል። ለሁለት ሰው ግማሹ ጠርሙስ፣ 37.5 ሳንቲ ሊትሩ፣ ይበቃል። የተከፈተውን በደንብ ከድነው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቁሙት።