ኦል ቴሬን ጎማ ከሰኔ እስከ የካቲት፦ የጎጃም ጭቃ፣ የዓባይ ቁልቁለት እና የናፍጣው ሒሳብ

ጎማው ኦል ቴሬን፣ ማለትም ለአስፋልትም ለኮረኮንችም ተብሎ የተሠራ ነው። ልኩ 265/65 አር 17፣ የጭነት ቁጥሩ 112፣ የተገጠመውም ሃይሉክስ ፒካፕ ላይ ነው። ከሰኔ እስከ የካቲት 14 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዷል፦ ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥለው ወደ ጮቄ ግርጌ የሚወጡት ኮረኮንቾችም አሉበት። የፋብሪካውን ስም አልጽፍም። አንዱ ስም በቀላልም በከባድም ሥሪት ስለሚወጣ ገዢን የሚጠቅመው ጎኑ ላይ የተጻፈው ነው።

ሻጭ ቀድሞ የሚያሳየው ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በመሃሉ የበረዶ ቅንጣት ያለበትን ምልክት ነው፤ «የክረምት ጎማ ነው» ይላል። አልዋሸም፤ ክረምቱ ግን የበረዶ አገር ክረምት ነው። ምልክቱ ጎማው በረዶ ላይ ተፈትኖ ማለፉን ብቻ ይናገራል፤ ስለ ጭቃ ምንም አይልም። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ጭቃና በረዶ ማለት ቢሆንም ፋብሪካው በጥርሱ ቅርጽ ብቻ የሚሰጠው እንጂ የፈተና ውጤት አይደለም። ለእኛ ሐምሌና ነሐሴ መታየት ያለበት የጎማው ትከሻ ነው። በዳር ጥርሶች መካከል ትንሿ ጣት በደንብ ከገባች ጭቃው መውጫ አለው። ዳሩ የተዘጋ ከሆነ ስሙ ኦል ቴሬን ይሁን እንጂ ሥራው የአስፋልት ነው።

ሥር ያለው ጠጠር ሆኖ ላዩ ቀይ አፈር በሆነበት መንገድ ይህ ጎማ በጣም ጥሩ ነው። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን ሳያጓሩ፣ በአራቱም ጎማ ከተያዘ ይወጣል። ዋልካ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ሁለት ሦስት ዙር ሳይሞላ ጥርሱን ይደፍነውና ጎማው ልሙጥ ይሆናል። መፍትሔው ሳይቆሙ ለአንድ አፍታ ፈጠን አድርጎ አሽከርክሮ ጭቃውን ማስወርወር ነው። ከቆመ በኋላ ማጓራት ጉድጓድ ከመቆፈር በቀር አይረዳም። ዋልካው ከቁርጭምጭሚት ካለፈ ግን ኦል ቴሬን አይበቃም፤ እዚያ የሚገባ ሰው ሰንሰለት ይያዝ ወይም መንገዱ እስኪጠነፍፍ ይጠብቅ።

ነፋስ ከጎማው ምርጫ እኩል ዋጋ አለው። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ልክ በማለዳ፣ መኪናው ሳይነዳ መሙላት ነው። ጭቃ ላይ ባዶ መኪና ወደ 22 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ቢወርድ ጎማው ይሰፋል፣ ይነክሳል፤ ፍጥነቱ ግን ከ30 አይለፍ። ስምንት ኩንታል ጤፍ ተጭኖ ነፋስ መቀነስ ክልክል ነው፤ የጎማው ጎን ይታጠፋል፣ ይግላል፣ ድንጋይም ይቀደዋል። አስፋልት ሲደረስ ወዲያው መመለስ ያስፈልጋል፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር አራቱን በሃያ ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል።

ደጀን አፋፍ ላይ በብርድ 32 የተሞላ ጎማ ዓባይ ድልድይ ሲደርስ 35 ወይም 36 ቢያነብ ሙቀቱ ነው፤ እንዳይተነፍስ። ከተነፈሰ ወደ ጎሐ ጽዮን ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ያንሳል። አንዱ ጎማ ብቻውን ከሌሎቹ ጎልቶ ከጨመረ ግን ፍሬኑ ይዞ ሊሆን ስለሚችል ጉዞው ሳይቀጥል ይታይ። እርጥብ አስፋልት ላይ ኦል ቴሬን ከመንገድ ጎማ ዘግይቶ ይቆማል፤ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ የግድ ነው።

ናፍጣው። ታንከር ሞልቶ፣ ኪሎ ሜትር መዝግቦ፣ በዚያው ማደያ መልሶ በመሙላት የተለካ ነው። በቀድሞው የአስፋልት ጎማ በ100 ኪሎ ሜትር 9.4 ሊትር ነበር፤ አሁን 10 ሊትር ገደማ። ነፋሱ 26 ላይ ሲቆይ 10.5 ይደርሳል። ስለዚህ ግማሹ ብክነት የጎማው ሳይሆን የባለቤቱ ስንፍና ነው ብዬ አምናለሁ። ከባዱን ሥሪት፣ ከልኩ በፊት «ኤል ቲ» የሚል የተጻፈበትን፣ ዘወትር ሙሉ ጭነት ለማይጭን አልመክርም። ክብደቱ ናፍጣ ይበላል፤ ቁጥር 112 በአንድ ጎማ 1,120 ኪሎ ስለሚሸከም ለፒካፕ በቂ ነው። ከፍ ለማለት ብለው 265/70 የሚያስገቡም አሉ። የዚያ ዲያሜትር 803 ሚሊ ሜትር፣ የዚህኛው 776 ነው፤ ቆጣሪው 100 ሲል መኪናው 103.4 ሄዷል። ይህን ሳያርሙ የናፍጣ ሒሳብ የሚሠሩ ጎማውን ያለ ጥፋቱ ይከሱታል።

ስትገዙ ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት የቀን ቁጥሮች አንብቡ፦ 2424 ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር የ2024 ዓ.ም. 24ኛ ሳምንት፣ በእኛ ሰኔ 2016 መጀመሪያ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ያለፈ ጎማ መጋዘን ውስጥ አይጠፋም።

ከጭቃ በኋላ መሪ በ70 እና በ80 መካከል የሚንቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ ባላንስ ስለጠፋ አይደለም። የቸርኬው የውስጥ ከንፈር ላይ የደረቀ ዋልካ እንደ ሸክላ ተጋግሮ ይገኛል። ጎሚስታ ጋ ከመሄድ በፊት ከመኪናው ሥር ውሃ በማስገባት በእንጨት ፍቆ ማውረድ ይበቃል። በጥርሱ መካከል የተሰካ ጠጠርም በካቻቢቴ ይነቀል፤ እየዘለቀ ሽቦው ድረስ ይበሳል።

በ8 ሺህ ኪሎ ሜትር ስኮርታውን ጨምሮ አምስቱን ማዟዟር ያስፈልጋል። የዘገየ ሰው እጁን በዳር ጥርሶቹ ላይ ወደ ፊት ሲያሳልፍ ለስላሳ፣ ወደ ኋላ ሲመልስ እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ሆኖ ያገኘዋል፤ ጩኸቱም ያን ጊዜ ይጀምራል። ጥርሱ 11 ሚሊ ሜትር ነበር፤ አሁን ከኋላ 8፣ ከፊት 8.5 ነው። የብዙ አገር ሕግ 1.6 ቢልም ለጭቃ ከ5 በታች አይሠራም፤ በዚህ አካሄድ የሚቀጥለውን ክረምት ይዘልቃል፣ ከዚያ ወዲያ ለአስፋልት ብቻ።