የኋላ ፍሬን ሸራና የእጅ ፍሬን ካቦ በቪትዝ ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ከሶማሌ ተራ የገዛሁት ኦሪጅናል ያልሆነ የኋላ ፍሬን ሸራ ዋጋውን የሚያወጣ ዕቃ ነው። አብሮት የገዛሁት የእጅ ፍሬን ካቦ፣ ማለትም እጀታውን ከኋላ ጎማዎች ጋር የሚያገናኘው የብረት ገመድ፣ ግን ለአንድ ክረምትም አልሆነኝም። ለወራት ያሰቃየኝ ግን ከሁለቱ አንዱም አይደለም። ያሰቃየኝ የአገጣጠሙ ቅደም ተከተል ነው፤ ኦሪጅናል ዕቃ ገዝቼ ቢሆን ኖሮም ያው ችግር ይገጥመኝ ነበር።

መኪናዋ የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ ቪትዝ ናት፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበችው፣ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ እየተባለች የተሸጠችው። ማርሿ አውቶማቲክ ነው፤ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር (ሸራውን በውስጡ ይዞ ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ የብረት ቤት) አላት። የእጅ ፍሬኑ የሚሠራው በኋላ ታምቡሮች ብቻ ነው። እጀታው ሲሳብ ካቦው በየታምቡሩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የብረት ክንድ ይጎትታል፤ ክንዷም ሁለቱን ሸራዎች ወደ ታምቡሩ ግድግዳ ትገፋለች። የፍሬን ዘይት በዚህ ሥራ ውስጥ የለም። የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ ስለሆነ ለሜዳ ሰፈር ሰው ጌጥ የሆነችው ይህች እጀታ ለእኔ የዕለት እንጀራ ናት።

አሮጌው ሸራ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር። የቶዮታ መመሪያ ከዚህ በታች እንዳይሄድ ያዛልና ሸራውንም፣ ዝገት የያዘውን ካቦም በአንድ ላይ አስቀየርኩ። ጋራዡን ስሙን አልጠራም። መኪናዋን ስረከብ መካኒኩ እጀታዋን ሳብ አድርጎ አሳየኝ፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቀጭ ብላ ቆመች። «እንደ አዲስ ሆናለች ጌታዬ!» አለኝ። እጀታ ጠንከር ሲል ሰው ደስ ይለዋል፤ እኔም ደስ አለኝ። የመኪናዋ መመሪያ ግን እጀታዋ በ20 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ስትሳብ ከ6 እስከ 9 ጊዜ ቀጭ እንድትል ነው የሚለው። በሁለተኛው ላይ የምትቆም እጀታ ካቦው ያለ ልክ መወጠሩን ትናገራለች።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የታየው ነገር ግራ ያጋባል። ጠዋት ዳገት ላይ እጀታዋ ጠንካራ ሆና ሳለ መኪናዋ ቀስ እያለች ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ይህ በከፊል የሚጠበቅ ነው። አዲስ ሸራ በአሮጌ ታምቡር ውስጥ ሲገባ ሁለቱ ገጾች ገና ስላልተዋወቁ የሚነካካው የሸራው ከፊሉ ብቻ ነው፤ በአጠቃቀም እየተፋጨ ሙሉ ገጹ እስኪይዝ ድረስ የእጅ ፍሬን ደከም ይላል። ያልተጠበቀው ሌላው ነው። ቀለበት መንገድ ላይ ትንሽ ከነዳሁ በኋላ ስቆም የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። እጄን ወደ ቸርኬዎቹ ጠጋ ሳደርግ የቀኙ የኋላ እንደ ምጣድ ይጋረፋል፤ የግራው ለብ ያለ ነው። ሜዳ ላይ ነዳጅ ስለቅ ቀድሞ ረዥም መንገድ ትንሸራተት የነበረችው መኪና ወዲያው ትቆማለች። የዳሽቦርዱ ቀይ መብራት ግን ጠፍቷል። መብራቱ የሚያውቀው እጀታዋ መነሳቷን ወይም የፍሬን ዘይት ማነሱን ነው፤ ሸራው ታምቡሩን ይዞት ይሁን ለቆት አያውቅም። በመብራቱ መጥፋት የሚተማመን ሰው ብዙ ስለሆነ ነው ይህን ማንሳቴ።

ቀጥሎ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። እጀታዋ በየሳምንቱ ከፍ እያለች ሄደች፤ በመጨረሻም እስከ ጥግ ስባትም ዳገቱ ላይ አትይዝም። ወደዚያው ጋራዥ ስመለስ ከእጀታዋ ሥር ያለውን፣ ካቦውን የሚወጥረውን ዳዶ ትንሽ አጠበቁና ሸኙኝ። ለጥቂት ቀናት ያዘች፤ ከዚያ እንደገና ሽታው፣ እንደገና መላላቱ። ድንጋይ ከጎማ ሥር ማድረግ ጀመርኩ። በነገራችን ላይ፣ የታክሲ ረዳት ዳገት ላይ ድንጋይ ይዞ ዘሎ ሲወርድ አይተን የምንስቅ ሰዎች ለምን እንደሚወርድ ብንጠይቅ ሳቁ ይቀንሳል።

ነገሩን የፈታው ሰፈሬ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ግቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ገና መኪናዋን በክሪክ ሳያነሱ «እጀታዋን ማን ነካት?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አላሉትና የቀኙን ታምቡር አወለቁ። ግድግዳው ላይ ሙቀት ያመጣው ሰማያዊ ጥላ የመሰለ ምልክት ተኝቷል። ሸራው በላይኛው ጫፉ እንደ ብርጭቆ አብለጭልጯል፤ ታችኛው ጫፍ ግን ሲገዛ እንደነበረው ሻካራ ነው። ጋሼ በካቻቢቴ ጫፍ ያችን የብረት ክንድ እየነኩ አሳዩኝ፦ ካቦው ተወጥሮ ስለነበር ክንዷ ወደ ማረፊያዋ ሳትመለስ በመሀል ተንጠልጥላ ቆይታለች።

በታምቡሩ ውስጥ ጥርስ ያለው ማስተካከያ አለ፤ ሸራው እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱን የሚሞላው እሱ ነው። ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ሸራዎቹም ክንዷም ወደ ማረፊያቸው ሙሉ በሙሉ ሲመለሱ ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ ማስተካከያውን እንደተሰበሰበ ትቶ የቀረውን ክፍተት በካቦው ሸፈነው። ስለዚህ ሸራው ሲፋጭ ማስተካከያው አይራመድም፤ ክፍተቱ ይሰፋል፤ እጀታዋ ከፍ ትላለች፤ ካቦውም እንደገና ይወጠራል። «ልጄ፣ ሥራው ከጎማ ይጀምርና እጀታ ላይ ያልቃል፤ እነሱ ከእጀታ ጀመሩ» አሉኝ።

የእሳቸው አሠራር ረዥም አልነበረም። ካቦው ላልቶ እያለ ማስተካከያውን እያዞሩ ሸራውን እስከ ታምቡሩ ገፉት። ጎማው እንቢ ሲል ጥርሱን ጥቂት መለሱት፤ በእጅ ሲዞር እምብዛም የማይሰማ ፍጭት እስኪቀር። የፍሬን ፔዳሉን ደጋግመው ረገጡና ሸራዎቹ መሀል እንዲይዙ አደረጉ። ሁለቱም ጎማዎች እኩል ከሆኑ በኋላ ነው ዳዶውን የነኩት፤ እጀታዋ ሰባተኛው ላይ ያዘች። የግራና የቀኝ ማስተካከያዎች የብሎን ጥርሳቸው በተቃራኒ አቅጣጫ የተቆረጠ መሆኑንም አይተው አረጋገጡ። ሁለቱ ቢቀያየሩ ክፍተቱን በመሙላት ፈንታ ያሰፉታልና። አቧራውን በኮምፕረሰር አላስነሱም፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት። በአሮጌና በርካሽ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል የፍሬን አቧራ ወደ ሳንባ የሚገባ ነገር አይደለም። ከረዳቶቻቸው አንዱ ሊነፋ ሲል የተቆጡት ቁጣ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሸራው የማማርረው ነገር የለኝም። ያብለጨለጨውን ጫፍ ጋሼ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው መለሱት፤ አሁን ገጹ እኩል ያልቃል፤ ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ትንሽ ቢጮህም ሁለተኛው ርግጫ ላይ ዝም ይላል። በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ የፍሬን መለኪያው ላይ ግራና ቀኙ ተቀራራቢ ሆነው አለፉ።

ካቦው ሌላ ታሪክ ነው። ሐምሌ ላይ የውጭው ፕላስቲክ ከመያዣው አጠገብ ተሰነጠቀ። ውኃ ገባ፤ የውስጡ ሽቦ ዛገና ሽፋኑ ውስጥ መንቀሳቀስ ከበደው። ምልክቱ ከመጀመሪያው ችግር ስለሚለይ ላስረዳ። ማስተካከያው ሲበላሽ እጀታዋ ከፍ ትላለች፤ ካቦው ሲዝግ ግን እጀታዋ ወርዳም ጎማው አይለቅም፤ በተለይ መኪናዋ ዝናብ ላይ ካደረች። ሸራው ራሱም በእርጥበት ከታምቡሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል፤ ይህ ግን ጠዋት ስትነሱ «ጧ» ብሎ ይላቀቃል እንጂ ቀኑን ሙሉ አይጎትትም። ክረምት ላይ ሜዳ በሆነ ቦታ ስታሳድሩ፣ ማርሹን ፒ (ማቆሚያው) ላይ አድርጎ ጎማውን በታኮ መያዝና እጅ ፍሬኑን መተው ይሻላል።

ዳገት ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ አውቶማቲክ የሚነዱ ሰዎች ይህን ቢያስተውሉት እወዳለሁ። ፒ ላይ ማድረግ ብቻውን የመኪናውን ክብደት በሙሉ በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ ባለች አንዲት የብረት ምላስ ላይ ያንጠለጥላል። ጠዋት ማርሹ «ጓ» ብሎ ሲወጣ የምትሰሙት የእሷን ስቃይ ነው። እግር ፍሬን ላይ ሳለ ወደ ኤን (ነፃ ማርሽ)፣ ከዚያ እጅ ፍሬን፣ ከዚያ እግርን ማንሳት፤ ክብደቱ ሸራው ላይ ካረፈ በኋላ እንደገና ረግጦ ወደ ፒ። እጅ ፍሬኔ በማይሠራበት ጊዜ ክብደቱ ሁሉ በዚያች ምላስ ላይ ነበር፤ ስለ ካምቢዮው የከፈልኩትን ስጋት በሸራው ዋጋ ላይ መደመር ይገባል።

መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ በ2024 እ.ኤ.አ. ከከለከለ በኋላ ብዙ ሰው ከያዛቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች አብዛኞቹ እጀታ ሳይሆን ቁልፍ ነው ያላቸው። እነሱ ላይ ካቦ የለም፤ በኋላ ፍሬኑ ላይ የተገጠመ ትንሽ ሞተር ነው የሚያጠብቀው። ሸራ ሲቀየር ሞተሩ በመመርመሪያ መሣሪያ ወይም አምራቹ ባዘዘው መንገድ ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት አለበት፤ በጉልበት የሚገፋ ጋራዥ ሞተሩን ሊሰብር ይችላል። የእኔ ጉዳይ በዳዶና በካቻቢቴ ተፈታ፤ የእነሱ በዚህ አይፈታም።

ልግዛ ለሚል ሰው፦ ሸራውን ኦሪጅናል ያልሆነውን ግዙ፤ የቶዮታ የኋላ ሸራ የዕቃ ቁጥር በ04495 ስለሚጀምር ሻጩ ከዚያ ጋር ያመሳክርላችሁ። ታምቡሩ ላይ ከተቀረጸው የመጨረሻ ልክ በላይ ሰፍቶ ከሆነ ግን ምንም ሸራ አያድነውም፤ ሳይገጠም አስለኩት። ካቦውን ኦሪጅናል ወይም ያገለገለ ኦሪጅናል ፈልጉ። ግራና ቀኙ አንድ አይደሉም፤ አንዱ በ46420፣ ሌላው በ46430 የሚጀምር ቁጥር አለው፤ «ሁለቱም ይገባሉ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ቀጣዩ ሱቅ እለፉ። እኔ መስከረም ላይ ያገለገለ ኦሪጅናል አስገብቻለሁ፤ እጀታዋ አሁንም ሰባተኛው ላይ ናት።