ለጅማው ጎሚስታ ምስጋና፣ ጭቃ ውስጥ ለምትነዱ ጥቆማ

ጋሼ ስማቸው እንዲነሳ አልፈለጉም። ስለዚህ ስማቸውን ትቼ ውለታቸውን ልጻፍ።

ሥራዬ የማር ንግድ ነው። ባለ ፎር ዊል ኤል 300 ቫን ይዤ በቦንጋ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች ማር እየገዛሁ ጅማ አመጣለሁ። ከጅማ ቦንጋ ያለው ከመቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አስፋልት ነው። ከዋናው መንገድ ታጥፌ ወደ ባለ ቀፎዎቹ ስገባ ግን ቀይ አፈር ይጠብቀኛል። እዚያ ዝናቡ ከገባ ቶሎ አይወጣም፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዳገቱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

አምና ሌላ ቦታ "ለጭቃ ከዚህ የሚሻል የለም" ብለውኝ ትልልቅ ጥርስ ያለውን የጭቃ ጎማ፣ ኤምቲ የሚባለውን፣ አራቱንም አስገጠምኩ። እውነት ለመናገር ጭቃውን ይወጣዋል። አስፋልት ላይ ግን ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ጥርሱም ቶሎ አለቀ። ከሁሉም የከፋው ወደ ጎጀብ ስወርድ የሆነው ነው። ካፊያ ነበር፤ ከፊቴ ከብት ሲገባ ፍሬን ያዝኩ፤ መኪናው ከነጭነቱ ተንሸራትቶ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመ። ረዳቴ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነው። ያን ቀን ፊቱን አይቼ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጋሼ ዘንድ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። የጎማ ዋጋ ስጠይቃቸው "ልጄ፣ ዋጋውን ቆይ፤ መጀመሪያ መንገድህን ንገረኝ" አሉኝ። አንድ ምልልሴን አብረን ደመርነው፤ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ከዚያ ውስጥ ጭቃው አርባ አይሞላም። "ታዲያ ለአርባው ብለህ ሁለት መቶ ሠላሳውን በስጋት ትነዳለህ?" አሉኝ። የመረጡልኝ ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆነውን ኤቲ ነው፤ ጥርሱ ከጭቃው ጎማ ያነሰና ጠጋ ጠጋ ያለ፣ ጭቃ የሚተፋበት ክፍተት ግን ያለው።

እኔ ደግሞ ሰፋ ያለ ጎማ ፈልጌ ነበር። እሱንም ከለከሉኝ። ሰፊ ጎማ ለአሸዋ ጥሩ ነው፤ የእኛ ጭቃ ግን ብዙ ቦታ ላይ ከስሩ ጠንካራ መሬት አለው፤ ጠበብ ያለው ጎማ ላዩን ሰንጥቆ እዚያ ይደርሳል። ሰፊው ጎማ መሪው ሲዞር ከፓራፋንጎው ጋርም ይፋተጋል። ስለዚህ 215/80 አር 15 በሚለው የጎማ መጠን ጸናን። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን 102 በጣታቸው እያሳዩ፣ አንዱ ጎማ 850 ኪሎ ይችላል ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። ማር ከባድ ነው፤ ይህን ቁጥር እስከዚያ ቀን አንድም ሰው አሳይቶኝ አያውቅም።

ከሁሉ ያከበርኳቸው በዚህ ነው፦ መደርደሪያቸው ላይ ጥርሱ ምንም ያልተነካ፣ ዋጋውም ረከስ ያለ ጎማ ነበረ። እሱን ልውሰድ ስል ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አስነበቡኝ፤ 1814 ይላል። በፈረንጅ 2014 ዓ.ም. በ18ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። "ጥርሱ አዲስ ነው፣ ላስቲኩ ግን ደርቋል፤ ለአንተ አልሸጥም" አሉ። ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር፤ እኔ በምን አውቃለሁ?

የፊት ሁለቱን ብቻ ልቀይር ስላቸውም አልተስማሙም። ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ጎማ ዙሪያው እኩል ካልሆነ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ይጎዳሉ። አራቱንም ቀየርን፤ ስኮርቱንም፣ ትርፉን ጎማ ማለቴ ነው፣ በዚያው ልክ አደረግን።

ስለ ንፋስ የመከሩኝን በየጉዞው እሠራበታለሁ። ጭቃው መግቢያ ላይ ቆሜ ንፋሱን ከ36 ወደ 25 ፒኤስአይ አወርደዋለሁ፤ ጎማው ረገብ ሲል መሬቱን በደንብ ይይዛል። አስፋልት ስወጣ ከባትሪ በሚሠራ ትንሽ መንፊያ እስክሞላው ድረስ አልፈጥንም፤ ንፋሱ የጎደለ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ይፈነዳል።

ክረምቱን በዚህ ጎማ ጨረስኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ተቀረቀርኩ፤ ጥርሱ መሃል ጭቃ ሞልቶ ዳገት ላይ እምቢ አለኝ፤ የቀበሌው ልጆች ገፍተው አወጡኝ። በዝናብ የጎጀብን ቁልቁለት ስወርድ ግን መኪናው ካሰብኩበት ቦታ ይቆማል። ከጎማው ዋጋ ሌላ የተቀበሉኝ የመግጠሚያና የባላንስ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ጉዞ ስመለስ አስቁመውኝ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ደግመው አጠበቁ፤ ሂሳብ ስላቸው እጃቸውን አወናጨፉ።

ቤታቸው ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ነው፤ ደጁ ላይ ነጭ የተቀቡ አሮጌ ጎማዎች ተደርድረዋል። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ወረፋው ይበዛል። ስትሄዱ የምትነዱበትን መንገድና የምትጭኑትን ኪሎ አስባችሁ ሂዱ፣ መጠየቃቸው አይቀርም።

ጋሼ፣ የረዳቴ እናት በየሳምንቱ ስለ እርስዎ ጤና ትጠይቀኛለች። እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።