ርካሽ ጠመንጃ ወይስ ርካሽ ጥይት?

«ለጥንቸልና ለቀበሮ የሚሆን፣ ኪስ የማያራቁት ካሊበር (የጥይት ዓይነት) የቱ ነው?» ይህን ስንት ወዳጅ እንደጠየቀኝ መቁጠር ትቻለሁ። መልሴ ሁሌም .223 ሬሚንግተን ነው። ከዚያ «ለምን?» ይከተላል፤ አንድ ሰዓት ይሄዳል። አንዴ ጽፌው ልገላገል። ፈቃድ ማውጣቱንና የትኛውን እንስሳ ማደን እንደሚቻል ማጣራቱን ግን መጀመሪያ እናንተው ጨርሱ።

ገለልተኛ ነኝ አልልም። አንዴ ክፉኛ ተሸውጃለሁ።

የመጀመሪያው ጠመንጃዬ .220 ስዊፍት ነበር። ያገለገለ ነው፤ ዋጋው የአዲስ .223 ግማሽ። ሰደፉ ያብረቀርቃል። ስዊፍት በ1935 የወጣ ካሊበር ነው፤ እርሳሱ (ተተኩሶ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ) በሰከንድ ከ1,200 ሜትር በላይ ይበራል። ይህን ሳነብ ልቤ ጠፋ። ሻጩ «ብዙ አልተተኮሰበትም» አለኝ። እኔም አመንኩ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

በ100 ሜትር የተኮስኳቸው አምስት ጥይቶች ወረቀቱ ላይ የተዉትን ቀዳዳ መዳፌን ዘርግቼ መሸፈን አቃተኝ። ጠመንጃ ጠጋኙ ቀጭን ካሜራ ወደ አፈሙዙ ሰደደና አሳየኝ። ከጥይት መጉረሻው ቀጥሎ፣ እርሳሱ ጥምዝምዙን (እርሳሱን የሚያሽከረክረውን የአፈሙዙን ውስጥ ቦይ) በሚይዝበት ቦታ፣ ብረቱ ውሃ የሸሸው ጭቃ መስሎ ተሰነጣጥቋል። ብዙ ባሩድ በጠባብ ቀዳዳ ሲነድ ሥራው ይህ ነው፤ አፈሙዙ ሳይቀዘቅዝ ደጋግመው ሲተኩሱ ደግሞ ይብሳል። አዲስ አፈሙዝ ማስገጠሚያው ጠመንጃውን ከገዛሁበት በለጠ። ጥይቱማ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሲገኝ አንድ ዓይነት ብቻ፣ ያውም 20 በያዘ ፓኮ፣ ያውም በእሳት ዋጋ።

ሰው ገበያ ሲወጣ የሚያየው የጠመንጃውን ዋጋ ነው። ጠመንጃ ግን አንዴ ይገዛል፤ ጥይት ሁልጊዜ ይገዛል። በዓመት 500 ጥይት ልምምዱን ጨምሮ ብዙ አይደለም። በአምስት ዓመት 2,500 ይሆናል። በአንድ ጥይት ላይ ያለችውን ትንሽ የዋጋ ልዩነት በ2,500 አባዟት። ሌላ ጠመንጃ ትገዛላችሁ።

.223 የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው። ከወታደሩ 5.56 ሚሊ ሜትር ጥይት ጋር ወንድማማች ስለሆነ ፋብሪካው በገፍ ያመርተዋል። ርካሹም፣ መካከለኛውም፣ ውዱም አለ። አንዱ ዓይነት ሲጠፋ ሌላው ይገኛል። ቀለህ ሰብስባችሁ ራሳችሁ የምትሞሉ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። አንድ የ.223 ጥይት ወደ 1.6 ግራም ባሩድ ይበላል፤ .22-250 የሚባለው ፈጣኑ ካሊበር ደግሞ ወደ 2.3 ግራም። ከ1 ኪሎ ባሩድ ከ.223 ከ600 በላይ ጥይት ይወጣል፤ ከ.22-250 ወደ 430። ባሩድ የቀነሰበት አፈሙዝም ረጅም ዕድሜ አለው። ይህም ዋጋ ነው።

.22-250 መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ከ.223 ይፈጥናል፣ ከ300 ሜትር ወዲያ ንፋሱንም ይቋቋማል። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ስንቶቻችን ነን ጥንቸል በ300 ሜትር የምንመታው? .204 ሩገርም በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። እርግጫው ቀላል ስለሆነ እርሳሱ ሲያርፍ በጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ውስጥ ታያላችሁ። የወዳጄን ተኩሼ ቀንቻለሁ። የጥይቱ አማራጭ ግን ጠባብ ነው። ለእኔ ያ ይበቃል።

የ.223 እውነተኛ ተፎካካሪ .22 ሎንግ ራይፍል ነው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ አለ፤ በዋጋ የሚደርስበት የለም። ማሳችሁ ትንሽ ከሆነ፣ የምትተኩሱት ጥንቸል ከሆነና ከ70 ሜትር የማይርቅ ከሆነ እሱን ግዙና እዚህ ላይ ማንበብ አቁሙ። ቀበሮ ላይ ግን አልመክርም፤ አቁስሎ መልቀቅ ይመጣል። ሌላው፣ ዘገምተኛው እርሳስ ድንጋይ ወይም ደረቅ መሬት ሲነካ ነጥሮ ይሄዳል፤ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ የሚችል ነገር ነው። ከአውሬው ጀርባ አፈር ከሌለ ምላጩን አትንኩ። የ.223 ቀላል የአደን እርሳስ ፈጣን ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ሲነካ ይበታተናል። እንዲያም ሆኖ ጀርባው አፈር ይሁን።

በሁለቱ መካከል .17 ኤች ኤም አር የሚባል ትንሽ ካሊበር አለ፤ በ2002 የወጣ። እስከ 150 ሜትር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አንድ ዓመት ይዤው በጣም ወድጄው ነበር። እርሳሱ ግን 1.1 ግራም ብቻ ናት፤ ትንሽ ሲነፍስ አቅጣጫዋን ትስታለች። የ22 መወልወያ ዘንግ አይገባበትም። ለእሱ የሚገዛው ቀጭን ዘንግ ደግሞ ይጎብጣል፤ ሁለት አጥፌያለሁ። ቆይቶ የተሸጠ ጥይት ከሆነ የቀለሁን አንገት በብርሃን እዩት፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አግኝቼ አውቃለሁ። ቀለሁ እንደ 22ቱ ሁሉ ዳግም አይሞላም። .22 ማግነምን በተመለከተ፣ ወዳጆቹ ይቅር ይበሉኝና፣ በዋጋ ከ22 ርቆ በሥራ ግን .223 አጠገብ አይደርስም።

እሺ፣ .223 ለመግዛት ከወሰናችሁ አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። «.223» ብቻ የሚል ከሆነ የ5.56 ጥይት አታጉርሱበት። መልካቸው አንድ ነው፤ መጉረሻቸው ግን ይለያያል፣ ግፊቱም ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ጠመንጃው 5.56 የሚል ከሆነ ሁለቱንም ይቀበላል። ቀጥሎ 1:12 ወይም 1:9 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ጥምዝምዙ በስንት ኢንች አንድ ዙር እንደሚዞር ነው። ለቀላሉ እርሳስ፣ ማለትም እስከ 3.6 ግራም ላለው፣ ሁለቱም ይሆናሉ። ከባድ እርሳስ ርካሽ አገኘሁ ብላችሁ በ1:12 ከተኮሳችሁ ግን ወረቀቱ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለ ነገር ታያላችሁ። እርሳሱ በጎኑ ነው የገባው።

ጥይት ስትገዙ ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ይኑር። እርሳሱ ላይ ከተጣበቀ ከመዳቡ ቆዳ ሥር ብረት አለ። በዋጋ ያማልላል፣ አፈሙዝ ግን ቶሎ ይበላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰው ቤቱ ሞልቶ በፋብሪካ ፓኮ አሽጎ የሚሸጠው ነው። አንድ ፓኮ እንዲህ ገዝቻለሁ፤ ዋጋው የፋብሪካው ሁለት ሦስተኛ። ሰባተኛው ላይ ድምፁ «ጭፍ» ብሎ ቀረ። ሌላ ላጎርስ እጄን ዘርግቼ አንድ ነገር አስቆመኝ። እርሳሱ አፈሙዙ መሃል ተወትፏል። ባሩድ አልገባበትም፤ ያስወጣው ማቀጣጠያው ብቻ ነበር። ቀጣዩን ብተኩስ ጠመንጃው ፊቴ ላይ ይፈነዳ ነበር። ድምፁ ከለመዳችሁት ከቀነሰ አቁሙ፣ ጥይቱን አውጡ፣ አፈሙዙ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ጠጋኙ የነሐስ ዘንግ ይዞ እርሳሱን ሲገፋ ቀልድ እንኳን አልቀለደብኝም።

በጀታችሁን ሁሉ ጠመንጃው ላይ አትጨርሱ። መነጽሩም ገንዘብ ይፈልጋል፤ ተመሳስሎ የተሠራው ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። እኔ የገዛሁት ላይ የታዋቂ ድርጅት ስም ተጽፎበት ነበር፤ ካርቶኑ ላይ አንድ ፊደል እንደጎደለ ያየሁት በኋላ ነው። ማስተካከያ ቁልፉን አራት ጊዜ ወደ ቀኝ ባዞር ምንም የለም። አንድ ስተኩስ እዚያው ግራ። ሁለተኛውን ስተኩስ በአንዴ ዘሎ ከወረቀቱ ውጪ። ጥይቱ ነው አልኩ፤ ሦስት ፓኮ ከሦስት ዓይነት ገዝቼ ሞከርኩ። በመጨረሻ የወዳጄን መነጽር ተውሼ ገጠምኩ። አምስቱም በሁለት ጣት ስፋት ውስጥ ገቡ። ሦስቱ ፓኮ ሲደመር የደህና መነጽር ግማሽ ዋጋ ነበር።